አራት ልኬ አራት ሲመለስ

ጥቅምት 4

እኔ አይደለሁም ያጠፋሁት! ጋሼ ሙት፣ ጣቴም አልነካውም። ደሞ "ስትናደጂ የማትሰብሪው የለም" ትላለህ። ሪሞቱን ግድግዳ ላይ የወረወርኩት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፣ ለሱም ተገርፌበታለሁ፣ ፋይሉ ተዘግቷል። ሰው ለአንድ ሪሞት ስንቴ ይከሰሳል?

ኮምፒውተሩን ያጠፋችው እህትህ ናት። እሷም አውቃ አይደለም። የዛሬ ሦስት ዓመት መጥተህ "የቤተሰቡ ፎቶ ማስቀመጫ ነው፣ ሌት ተቀን ይብራ" ብለህ ቴሌቪዥኑ ሥር ካስቀመጥከው ጀምሮ፣ "ይሄ ጥቁር ሣጥን ራቁቱን ሳሎን መሀል ምን ይሠራል፣ እንግዳ ሲመጣ አፍራለሁ" እንዳለች ነው። ባለፈው ሳምንት ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። ያውም እስከ እግሩ። ማራገቢያው ታፈነ፣ ጋለ፣ ራሱን አጠፋ። እኔ ከሥራ ስገባ እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ እንደ ካውያ ግሎ አገኘሁት። ዳንቴሉን ገፍፌ አስነሥቼዋለሁ። ስለዚህ ይቅርታ እየጠበቅኩ ነው።

ይልቅ አሁን እኔ ልጠይቅህ። በሐምሌ መጨረሻ በሰው ስልክ ሁለት ደቂቃ አውርተኸን፣ ከዚያ ወዲህ የት ገባህ? የድሮው ቁጥርህ ላይ ስንደውል አንዲት ሴትዮ በማናውቀው ቋንቋ ትቆጣናለች። አዲስ ቁጥር አልላክህልንም። እናቴ እሑድ እሑድ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የምትውለው፣ መታጠቢያ ቤት እንኳ ይዛው ነው የምትገባው። አሉ የሉም ብለህ አልጠየቅክም። ሣጥኑ በጠፋ በማግስቱ ግን "ለምን አጠፋሽው" የምትል አንዲት መስመር ከች! በምን አወቅክ? ካሜራ አለው እንዴ? ካለው ንገረኝ፣ ፀጉሬን የምሠራው እዚያው ፊቱ ቁጭ ብዬ ነው።

የትምህርቱን ነገር አታንሳብኝ። የኬሚስትሪው አስተማሪ "አንቺ ወንበር ከማሞቅ ሌላ ጥቅም የለሽም" አለኝ። ወንበሩን ተሸክሜ ወጣሁና ዳይሬክተሩ በር ላይ አስቀመጥኩለት፣ ሳይቀዘቅዝ። ከዚያ በኋላ አልተመለስኩም፣ አልመለስምም። አሁን መናኸሪያው በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ይሄንንም የምጽፍልህ ከዚያው ነው፣ በአለቃዬ ኮምፒውተር፣ በአለቃዬ ሰዓት።

ሰላምታው ከላይ መሆን ነበረበት፣ ተናድጄ ዘለልኩት። እንደምን ሰንብተሃል? ዕድሜና ጤና ከነምርቃቱ ይስጥህ። እኛ ደህና ነን። እናቴ ጉንፋን ቢጤ ይዟት ድምፅዋ ሻከር ብሏል እንጂ ደህና ናት። አሁንም መናኸሪያው ማስታወቂያ ክፍል ውስጥ ማይኩን ይዛ፣ አገሩን ሁሉ አውቶቡስ ላይ እየጫነችው ነው።

የእህትህ ልጅ፣
ክብሪት
(ስሙን ያወጣህልኝ አንተ ነህ፣ ሲለኩስህ አትጩህ።)


ጥቅምት 9

ለማትበርደው የእህቴ ልጅ፣ ለክብሪቷ፣

ካለሁበት ሆኜ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስሜያለሁ። የእትዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ይሄ ወረቀት ሲደርስ ቤታችሁ ሙሉ፣ ሳቃችሁ ሙሉ ሆኖ ያግኛችሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፣ ሥራም ጥሩ ነው።

ይቅርታ ብያለሁ። ዳንቴሉንም ተቀብያለሁ፣ ግን ከላይ ብቻ ይሁን፣ ጎንና ጎኑን ይተንፍስ። ካሜራ የለውም፣ ፀጉርሽን ሥሪ።

በምን እንዳወቅኩ ልንገርሽ። የምትሠሪበት ኮምፒውተር ላይ ሥዕል የሌለው ጥቁር መስኮት አለ፣ ጽሑፍ ብቻ የሚቀበል። እሱን ክፈቺና "ፒንግ" ብለሽ ጻፊ፣ ትንሽ ክፍተት ተዪ፣ ቀጥሎ የምትፈልጊውን ማሽን አድራሻ። "አለህ ወይ?" ማለት ነው። ማሽኑ ካለ "አለሁ" ይልሻል። ሌላ ወሬ አያውቅም። አራት ጊዜ ይጠይቅልሻል፣ አራት ጊዜ ይመለስልሻል። ከሌለ ደግሞ "ጊዜው አለፈ" ብሎ አራት መስመር ይጽፍልሽና ዝም።

እኔ በየጠዋቱ የእናንተን ሣጥን እጠይቀዋለሁ። ፊቴን ሳልታጠብ። አራት ልኬ አራት ሲመለስልኝ ጫማዬን አሥራለሁ። ደርሶ ለመምጣት የሴኮንድ ሩብ አይፈጅበትም። በዚያች ሩብ ሶፋው ይታየኛል፣ እትዬ ግንባሯ ላይ ያለውን መነጽር ስትፈልግ ትታየኛለች። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።

ሌላም አለ። "ትሬስሩት" ካልሽው መልእክትሽ በየት በየት ዞሮ እንደሚደርስ አንድ በአንድ ይቆጥርልሻል። "ሻትዳውን" የሚባለውን ልጽፍልሽ አልፈለግኩም ነበር፣ ጠባይሽን ስለማውቅ። ግን ከመንደር ከምትሰሚው ከኔ ስሚው፣ ማሽን ያጠፋል። ፈቃድ ካለሽ የራስሽን ብቻ ሳይሆን የሩቁንም። አንድ ነገር ማይልኝ፤ እሱን ከመጻፍሽ በፊት "ሆስትኔም" ብለሽ ጠይቂ፣ የማሽኑን ስም ይነግርሻል። ጥቁር መስኮት ሁሉ መልኩ አንድ ነው። የማን ቤት እንደቆምሽ ሳታውቂ መብራት እንዳታጠፊ። የሩቅ ማሽን ከጠፋ፣ ሰው ሄዶ በጣቱ ካልጫነው አይነሣም።

የስልኬ ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶብኝ የሰው ድምፅ አይሰማኝም። አሠርቼ እደውላለሁ። እትዬ ትኩስ ትኩስ ነገር ትጠጣ።

አጎትሽ


ጥቅምት 23

ለተከበርከው ለጭምቱ አጎቴ፣

አሁን በሥርዓቱ ጀመርኩ፣ አየህ? የረገጥከው ይለስልስልህ፣ አለቃህ ይውደድህ፣ ጎረቤትህ አያንኮራፋ። እኛ አለን።

ማክሰኞ ዕለት የሆነውን ስማ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኢንተርኔት ሞተ። ሃያ ሰው ፎርም ይዞ ተሰልፏል። አለቃዬ ጣቱ ሁሌ ጥቁር ስለሆነ በማሽኑ ቀለም ስም ቶነር ነው የምንለው። ጭንቅላቱን ይዞ ይዞራል።

"ኢንጂነሩን ጥሩልኝ! ኢንጂነሩን!"

"ቆይ እስቲ ጋሽዬ፣ እኔ ልየው" አልኩት።

"አንቺ? አንቺ ስቴፕለር መሙላት መች ቻልሽና!"

ሰው ፊት ነው ያለኝ። ደሜ ፈላ፣ ግን ዋጥኩት። ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። መጀመሪያ የራሴን ማሽን ጠየቅኩ፣ አለሁ አለኝ። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ባለ ብዙ መብራቷን ራውተር። ጭጭ። አራት ጊዜ ጭጭ። አሃ፣ ስለዚህ ነገሩ ውጭ አይደለም፣ ከኔና ከሷ መሀል ነው። ገመዱን ተከትዬ በአራት እግሬ ወረቀቱ መደርደሪያ ሥር ገባሁ። አይጥ ቆርጥማዋለች! ኢንጂነሩ የፀሐይ መነጽሩን ሰክቶ ሲደርስ እኔ ገመድ ቀይሬ ሻዬን እየጠጣሁ ነበር።

"ማን ነው የሠራው?" አለ።

"ልጄ ናት" አለው ቶነር። ስቴፕለር አትችልም ያለኝ ሰውዬ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወለደኝ።

መንገዱንም አስቆጠርኩት። ከዚህ እስከ ቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ ነው፣ መልእክቱ ግን ዘጠኝ ቤት አዳርሶ ነው የሚገባው። አራተኛው ላይ ስም የለም፣ ኮከብ ብቻ ነው። ተቀብሎ ያስተላልፋል ግን ማን ነህ ሲሉት አይናገርም። አንድ ዘመድ አስታወሰኝ።

የእናቴ ነገር። ድምፅዋ አልተመለሰም። ባለፈው ዓርብ ማይኩን ይዛ "ቁጥር ስድስት መውጫ" ብላ ጀምራ "መውጫ" ላይ ተቆረጠባት። ሃያ ስድስት ዓመት ተቆርጣ አታውቅም። እኔ ሱቁ በር ላይ ነበርኩ። መናኸሪያው ቀጥ አለ። ሾፌሮቹ ሞተር አጥፍተው የድምፅ ማጉያውን ቀና ብለው ያዩታል፣ ልክ እሱ ያመመው ይመስል። አሁን ፈቃድ ወጥታለች። ትኬት ቆራጩ ልጅ ነው የሚያነበው፣ እሱ ደግሞ አፉ ውስጥ ያላመጠው ነገር ያለ ነው የሚመስለው፣ ሰው ሁሉ የሰው አገር አውቶቡስ ላይ እየወጣ ነው።

ድምፅ ማጉያህ ከተበላሸ የጎረቤት ስልክ ለምንድነው? ደውልላት። እሑድን እየቆጠረች ነው።

ክብሪት


ኅዳር 16

ለክብሪቷ፣

ሰላምታዬ ከመዘግየቴ ይብለጥ። ሥራ በዛብኝ፣ ቀኑና ሌሊቱ ተደባለቀብኝ፣ እንጂ ረስቻችሁ አይደለም። ስለ አይጧ ያነበብኩ ቀን ብቻዬን ስስቅ አብሮኝ የሚኖረው ሰው አበደ ብሎ ነበር። እኔ ያን ከራስ ጀምሮ ወደ ሩቅ መጠየቅ ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ አንቺ በአንድ ማክሰኞ ጨረስሽው። ጎበዝ ነሽ። ወንበሩን ለዳይሬክተሩ መመለስሽን ግን አሁንም አልወደድኩትም።

ዛሬም ጠዋት አራት ልኬ አራት መጣልኝ፣ ስለዚህ ደህና ናችሁ ብዬ ልቤ አርፏል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የእትዬን ማስታወቂያ በስልክሽ ቀድተሽ ትልኪልኛለሽ? ያቺን "ሻንጣችሁን፣ ልጃችሁን፣ ጃንጥላችሁን ሳትረሱ" የምትለዋን። ድምፅዋ ሲሻላት ማለቴ ነው። አትንገሪያት ግን፣ ዝም ብለሽ ቅጂ።

ስልኩን ገና አላሠራሁትም።

አጎትሽ


ኅዳር 19

ጋሼ፣

ሰላምታ የለም። ዛሬ የለም።

"አራት መጣልኝ፣ ስለዚህ ደህና ናችሁ" ነው ያልከው? የመለሰልህ ሣጥኑ ነው! ደህናው ሣጥኑ ነው! ቤት ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር፣ ይብላ አይብላ፣ ሶፋው ላይ ተደፍቶ ያልቅስ፣ እሱ ምን ገዶት? መብራት እስካገኘ ድረስ አራቱን ይቆጥርልሃል። አንተው ነህ "ሌላ ወሬ አያውቅም" ብለህ ያስተማርከኝ። ካስተማርከኝ በኋላ ራስህ ረሳኸው?

ደሞ ቅጂልኝ ትለኛለህ። ምኑን ልቅዳልህ? እህትህን እንደ ዘፈን አስቀምጠህ ልትሰማት ነው? እሷ እዚህ ቁጭ ብላለች እኮ፣ ስልክ የሚባል ነገር ተፈልስፏል እኮ!

ስማኝ። ሐኪም ጋ ሄደናል። ትንሹ ክሊኒክ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጻፈልን። ትልቁ ጋ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ጉሮሮዋን አዩ፣ ሌላ ቀን ጠርተው ቁራጭ ነገር ወሰዱና "በአሥር ቀን ኑ" አሉን። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል እንዳልጽፍልህ አስምላኛለች። "እሱ እዛ ብቻውን ነው፣ ቢያለቅስ ማን አይዞህ ይለዋል" ብላ። በአባቴ አጥንት ነው ያስማለችኝ። አባቴ ካረፈ ጀምሮ በሱ ቀልዳ አታውቅም።

እኔ ተከልክያለሁ። አንተን ግን እንዳትደውል ማንም አላስማለህም።

ክብሪት


ታኅሣሥ 3

ክብሪት፣

ትናንት ጠዋት አራት ላክሁ፣ አንድም አልመጣም። ዛሬም አልመጣም። መብራት ጠፍቶ ነው? እትዬ ዳንቴሉን መልሳ አልብሳው ይሆን? እባክሽ ገብተሽ እዪውና ቁልፉን ተጫኚው። እየጠበቅኩ ነው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 8

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ናችሁ ማለት ፈራሁ። ስድስት ቀን ሆነ። ሱቅ ጓሮ ካርቶን የማወርድበት ሰዓት ላይ እንኳ ተደብቄ በስልኬ እጠይቃለሁ። "ጊዜው አለፈ፣ ጊዜው አለፈ።" አንቺም ዝም ብለሻል፣ ያንቺ ዝምታ ደግሞ ጤና አይደለም።

ካርቶን ስል ሳይገርምሽ አልቀረም። ልንገርሽ። በድሮው የኮምፒውተር ክፍል ሥራዬ ላይ አይደለሁም። ሐምሌ ላይ ሁለት ጥቁር መስኮት ተከፍቶልኝ ነበር፤ አንዱ የኔው ኮምፒውተር፣ ሁለተኛው ሌላ ከተማ ያለ የመድኃኒት መጋዘን ዋና ማሽን። ቀኑ ዓርብ ነበር፣ የኔን አጥፍቼ ልወጣ ነው። ስሙን ሳልጠይቅ ሻትዳውን አልኩ። የኔው እንደበራ ቀረ። እዚያ ማዶ ያጠፋሁትን የሚያስነሣ ሰው የክፍሉን ቁልፍ ይዞ ፈቃድ ወጥቷል። ሁለት ቀን ከዚያ መጋዘን አንዲት ፍሬ መድኃኒት አልወጣም። ሰኞ መታወቂያዬንና ስልኬን ተቀበሉኝ፣ ስልኩ የመሥሪያ ቤቱ ነበር። ያን ማስጠንቀቂያ የጻፍኩልሽ መምህር ስለሆንኩ አይደለም፣ የተቃጠልኩ ስለሆንኩ ነው። አሁን አንድ ትልቅ ሱቅ ጓሮ ካርቶን አወርዳለሁ። ድምፅ ማጉያው ተበላሸ ያልኩሽም ውሸት ነው፣ ከነሐሴ ጀምሮ የራሴ ስልክ አለኝ፣ ደህና ይሠራል።

ለምን አልደወልክም በይኛ። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እትዬ አሥራ ስምንት። ትምህርቷን ትታ መናኸሪያ ገባች። እኔ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቆሜ የሷን ድምፅ እሰማ ነበር፣ ከመናኸሪያው ጋር አጥሩ አንድ ነው። አንድ ቀን በዚያ ድምፅ ማጉያ "የሁለተኛ ክፍሉ ጭምቱ፣ ምሳህን ረስተሃል፣ መጥተህ ውሰድ" አለች። ከተማው በሙሉ ሰማ። ለአንድ ዓመት "ምሳህን በላህ?" እያሉ ሾፌሮች ሳይቀሩ ሲጠይቁኝ ኖሩ። አሳፍራኝ ነበር። ዛሬ ያን እፍረት በስንት ልግዛው።

እሷ "ሄሎ" ስል ሰምታ ራበኝ አልራበኝም ታውቃለች። ደወልኩ ማለት ነገርኳት ማለት ነው። ትምህርቷን ሰጥታ ያሳደገችው ወንድሟ በአንድ ቃል ራሱን ከሥራ እንዳስወጣ። ስለዚህ ድምፄን ደበቅኩባት። የሐኪሙን ነገር ከጻፍሽልኝ በኋላ በቀን አምስት ስድስቴ እልክ ጀመር። አራት ሲመለስ "ይኸው ደህና ናት" እያልኩ። ራሴን እያታለልኩ እንደነበር አንቺ በኅዳር ያወቅሽውን እኔ በታኅሣሥ አወቅኩት።

አሁን ደግሞ የምፈራው ሌላ ነው። ስልኩን ሦስት ጊዜ አንሥቼ ቁጥሩን ጽፌ አጠፋሁት። ሌላ ሰው ቢያነሣውስ? ድንኳን ውስጥ ቢያነሱትስ?

ክብሪት፣ አለች? በአንድ ቃል ጻፊልኝ፣ ሌላ አልጠይቅሽም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 9፣ ጠዋት

እኔ ነኝ ያጠፋሁት።

ታኅሣሥ አንድ ማታ፣ እናቴን ሆስፒታል አስተኝተዋት ልብስ ልወስድላት ቤት ገባሁና፣ ቴሌቪዥኑን ሣጥኑ ላይ ሰክቼ ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። ሆስትኔም ብዬ ጠየቅኩ፣ እንዳስተማርከኝ። የኛው ነው። ሻትዳውን። እንዳልነግርህ የማልኩት እኔ ነኝ፣ ሣጥኑ አልማለም። እኔ አፌን ከዘጋሁ እሱ ይናገር አልኩ። ቤቱ ጭጭ ሲልበት ይደውላል አልኩ። ማንም ሰው ይደውላላ! አንተ ምን አደረግክ? ደብዳቤ! ሁለት ደብዳቤ! ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የእናቴን ስልክ በመዳፌ ይዤ፣ ቻርጀሩን የጽዳት ሠራተኞቹ ሶኬት ላይ እየሰካሁ፣ ስምንት ቀን ሙሉ በጠራ ቁጥር እየዘለልኩ ነበር። የሚደውለው ቶነር ነው። "መቼ ነው የምትመለሺው?" አሁን ልብስ ልቀይር ስመጣ በሱቁ በኩል አልፌ ነው ደብዳቤዎችህን ያየሁት።

አለች። የጠየቅከው አንድ ቃል ነው፣ ይኸው፣ አለች። አሁን ግን ከአንድ በላይ ትሰማለህ። መሐላውን አፍርሻለሁ፣ አባቴ የፈለገውን ይፍረድብኝ።

ካንሰር ነው። ጉሮሮዋ ላይ። የድምፅዋ ማውጫ ላይ ነው ቁጭ ያለው፣ ሌላ ቦታ አልሄደም፣ ስለዚህ ቶሎ ከወጣ ትድናለች አሉ። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ለቀዶ ጥገና ትገባለች። ድምፅ የሚወጣበትን ሙሉ በሙሉ ነው የሚያወጡት፣ መተንፈሻዋን አንገቷ ላይ ይከፍቱላታል። ሐኪሙ "ትበላለች፣ ትሄዳለች፣ ረጅም ትኖራለች" አለኝ።

"ትናገራለችስ?"

"አትናገርም።"

"በሹክሹክታም?"

"በሹክሹክታም" አለ። ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፣ ዓይኑ ደም መስሎ ሳየው ተውኩት። ሌሊቱን ሲቀድ ያደረ ሰው ነው።

እናቴ ከሰኞ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጥዬው የወጣሁት የኬሚስትሪ ደብተር ላይ እየጻፈች ነው የምታወራን። ሲስተሯ ውሃ ትፈልጊያለሽ ስትላት በጣቷ ነው የምትመልስላት። አጠገቧ የተኛችው ልብስ ሰፊ ሴትዮ ቀኑን ሙሉ ስታስቃት፣ እጇን አፏ ላይ ጭና ትከሻዋ ብቻ ነው የሚስቀው። ያማታል ብዬ ነበር። "ያምሻል?" አልኳት። እስክሪብቶውን ወሰደችና ጻፈች፤ "ብዙ ድምፅ አልቀረኝም። የቀረችውን ለጭምቱ ነው ያስቀመጥኳት።"

ገባህ? አልጋዋን የማነጥፈው እኔ፣ ፀጉሯን የማበጥረው እኔ፣ ሊፍቱ ሲበላሽ አምስት ፎቅ በደረጃ የምወጣው እኔ። ከነገ በኋላ "አንቺ ክብሪት" ብላ አትቆጣኝም። ለኔ አንዲት ቃል አልደረሰችኝም። ቅር አላለኝም ብልህ ውሸታም ነኝ። ማታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አልቅሻለሁ፣ ለማንም አላወራሁም፣ አንተም እንዳታወራ።

የካርቶንህን ነገር ደግሞ እንደ ትልቅ ምስጢር ጻፍክልኝ። ታውቃለች እኮ! ሐምሌ ላይ በሰው ስልክ የደወልክ ጊዜ፣ ስልኩን ዘግታ "ይሄ ልጅ ከሥራው ወጥቷል" አለችኝ። እዚያው፣ ስልኩን ሳታስቀምጥ። "አትጠይቂው፣ ሲበርድለት ራሱ ያወራል" አለችኝ። አምስት ወር ሙሉ የደበቅካት የምታውቀውን ነው። አንተ ፈርተህ ዝም፣ እሷ እንዳታሳፍርህ ዝም፣ እኔ ምዬ ዝም። ቤተሰብ አይመረጥም መቼም!

አሁን ይሄን አንብብና ተነሥ። ቁጥሯ ያው ነው። ስልኩ ትራሷ ሥር ነው፣ ቻርጁ ሙሉ ነው፣ እኔ ከዚህ በቀጥታ ወደሷ እየሄድኩ ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ጠያቂ ያስወጣሉ፣ ስልክ ይሰበስባሉ፣ ማስተኛ ይሰጧታል። ከዚያ በኋላ ብትደውል የምታገኘው ሲስተሯን ነው። ነገ ብትደውል የምታገኘው እኔን ነው። በኛ ሰዓት ነው የምልህ፣ በዚያኛው አይደለም፣ ቁጭ ብለህ አስላው። ካርቶኑን ባለበት ጣለው፣ አለቃህ ይጩህ፣ ይጩህ!

ምን ልበላት ብለህ አትጨነቅ። ስልኩ ሲነሣ ዝም በል፣ አልቅስ፣ ሳል፣ የፈለግከውን ሁን። የምትናገረው እሷ ናት። ጆሮህን ብቻ አምጣ።

እና እንዳትጽፍልኝ! መልስ ብለህ አንዲት መስመር ብትልክ፣ እናቴን ብዬሃለሁ፣ ሳላነብ ነው የማጠፋው። ደውል ጋሼ። ዛሬ፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ደውል።